«አልበቃም» ያልኩት ባትሪ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አቶ ሀይለመለኮት፤ ለዚህ ድግስ የደከማችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። ለአንድ ቀያሽ ሽማግሌ ይህን ያህል ወንበር ይደረደራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። በሩ ላይ ቆሜ «የማን ሠርግ ነው?» ብዬ መጠየቄን ጥበቃው ይመሰክራል።

ሠላሳ አራት ዓመት መሬት ለካሁ። በገመድ ጀምሬ በጂፒኤስ አልፌ በስተርጅና የምትበር ካሜራ ላይ ደረስኩ። አሁን ደግሞ በሚመጣው ወር አዲስ ካሜራ ልትገባ ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናችሁ አምስት ሰዎችም ልትሠለጥኑባት ነው። አቶ ሀይለመለኮት ጠሩኝና «ጋሽ የሽዋስ፣ እርስዎ በሃምሳ ስድስት ዓመትዎ ጀምረው አብርረዋል፤ በስንብትዎ ቀን ለጀማሪዎቹ ምክር ቢጤ ይለግሱልን» አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ ካልኩ ወዲህ ይህን ንግግር ስጽፍ ስቀድ ከርሜያለሁ። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

እንግዲህ ስሙኝ ሽማግሎች። መነጽር ሁለት ያዙ፤ አንዱ ለስክሪኑ፣ አንዱ ለሰማዩ። እኔ በመጀመሪያው ቀን የቅርቡን አድርጌ ሰማይ ሰማይ እያየሁ ሩብ ሰዓት ሙሉ በዓይኔ የተከተልኩት ለካ ቁራ ኖሯል! ሳቁ፣ ሳቁ፤ የናንተንም እናያለን።

ሪሞቱን እንደ እርፍ አትጨብጡት። በሁለት አውራ ጣት ብቻ፣ ቀስ አድርጋችሁ። ካሜራዋ ፊቷን ወደ እናንተ ስታዞር ደግሞ ቀኝና ግራ ይገለበጣል። ያሠለጠነችኝ ፍቅርአዲስ፣ ያቻት እዚያ ጋ እየሳቀች፣ «ጋሼ፣ የእርስዎ ቀኝ አሁን የእሷ ግራ ነው» ስትለኝ «በዚህ ዕድሜዬ ነው እንዴ ቀኜን የምታስተምሪኝ!» ብዬ ተቆጣኋት። ቀጥሎ አጥር ላይ ሰቀልኳት። ካሜራዋን ማለቴ ነው። ከልጅ መማር አያሳፍርም፤ አለመማር ግን አጥር ላይ ይሰቅላል።

በመጋቢት ከሰዓት በኋላ አታብርሩ፤ የአገራችንን ነፋስ ታውቁታላችሁ። ጭላት ከመጣባችሁ ሽቅብ አምልጡ እንጂ ቁልቁል አትውረዱ፤ ቁልቁል የእሱ ነው። በገበሬ ፊት «ድሮን» የሚለውን ስም አታንሱ፤ «የምትበር ካሜራ» በሉ፣ ከመነሳቷም በፊት ሰዉ ቀርቦ ይያት፣ ይንካት። ምክንያቱን ስለምታውቁት አልፈዋለሁ።

ባትሪን በተመለከተ... ቆይ አንዴ ውኃ ልጎንጭ።

ባትሪው ከመቶ ሠላሳ ሲቀረው መልሷት። ምክሩ ይኸው ነው። እዚህ ላይ ባቆም ታጨበጭቡልኝና ሸልማችሁ ትሸኙኛላችሁ። ግን ይህን ሠላሳ የሚባል ቁጥር የት ተማርኩት? ማንስ ከፈለልኝ?

የዛሬ አራት ዓመት አማኑኤል ከተማ አካባቢ ወንዝ ውስጥ የገባችውን ካሜራ ነባሮቹ ታስታውሳላችሁ። አዲስ ለገባችሁ ልንገራችሁ። ያን ጊዜ ዕቃ ግምጃ ቤቱን የያዘችው ወይዘሮ ጤናዬ ነበረች። ባትሪ የምትሞላው እሷ፣ አስፈርማ የምትሰጠው እሷ። ያን ዕለት ጠዋት ባትሪውን ወደ ዓይኔ አስጠግታ «አራቱም መብራት በርቷል፤ ይዩት ጋሼ» አለችኝ። «አየሁ» አልኳት። ፈረምኩ።

ማሳው ላይ ሰው ከበበኝ። ፍቅርአዲስ በወሊድ ፈቃድ ላይ ስለነበረች ብቻዬን ነኝ፤ ሊቁ እኔ ነኝ። አንድ ባላገር ስክሪኑን አይቶ «አቤት እውቀት! እስቲ የኔን ቤት ደግሞ አሳየኝ» አለ። አሳየሁት። የእሱን ያየ ጎረቤቱ የራሱን አለ። ለጎረቤቱም አሳየሁ። ልኬቱ እኮ ድሮ አልቋል! ልቤ ግን በውዳሴ አበጠ፤ በሠላሳ ዓመት ሥራ «አቤት እውቀት» ያለኝ ሰው አልነበረማ።

ሪሞቱ ላይ በሰካሁት ስልኬ ውስጥ ያለችው ሴትዮ በእንግሊዝኛ ባትሪው እያለቀ ነው ትለኝ ጀመር። «ምን ትላለች?» አለኝ ባላገሩ። «ሁሉ ሰላም ነው ትላለች» አልኩት። ደጋግማ ስትነዘንዘኝ ድምፅዋን አጠፋሁት። ካሜራዋ ከወንዙ ማዶ ነበረች። ልመልሳት ስል መሐል ላይ ስክሪኑ ጨለመ። ከወንዙ ያወጣናት የጭቃ ጉብታ ሆና ነው።

ኮሚቴ ተቋቋመ። «ጋሽ የሽዋስ፣ ምን ሆና ወደቀች?» አሉኝ። እኔ ደግሞ በልጅነቴ ቅኔ ቤት የዋልኩ ሰው ነኝ። «ባትሪው አልበቃም» አልኩ።

አያችሁት? ሐሰት አይደለም። እኔ ለዞርኩት ዙረት ባትሪው አልበቃም። እነሱ ግን «አልሞላም ነበር» ብለው ሰሙት፤ እንዲያ ብለው እንደሚሰሙት ከአፌ ሳይወጣ አውቄዋለሁ። ሰሙን ለኮሚቴው ሰጥቼ ወርቁን ይዤ ቀረሁ። ለቅኔ የተሰጠኝን ትምህርት የሰው እንጀራ ላይ አዋልኩት። አንዱ የኮሚቴ አባል «ስልኩ ላይ የበረራው መዝገብ ይኖር የለም ወይ?» ብሎ ነበር። ሌላው «ጋሽ የሽዋስ ከተናገሩ ምን መዝገብ ያስፈልጋል!» አለው። ሽበቴ መሰከረልኝ፤ ጤናዬ ላይም ፈረደባት።

ከኮሚቴው በኋላ ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ። «ጋሼ፣ አራቱም መብራት በርቶ ነበርኮ። አይተዋል አይደል? እርስዎ አየሁ ቢሉልኝ ይበቃኛል» አለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት ታውቃላችሁ? «እንግዲህ እግዜር ያውቃል ጤናዬ።» እግዜርን አስመሰከርኩ እኔ፣ ሁለት ዓይን ይዤ ያየሁት ሰውዬ!

የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ማኅደሯ ውስጥ ገባ። ግምጃ ቤቱን ተቀምታ ወደ ቁይ ከተማ ተዛወረች፤ የታመሙ እናቷን እዚህ ደብረ ማርቆስ ጥላ። ለደረጃ ዕድገት ሁለት ጊዜ ተወዳደረች፤ ሁለቱንም ጊዜ ያቺ ወረቀት ጣለቻት። የሄደች ቀን ሻንጣዋን መናኸሪያ ድረስ የተሸከምኩላት ማን ይመስላችኋል? እኔ ነኝ። ሚኒባሱ መስኮት ላይ ሆና «ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ማን ይሸኘኝ ነበር፤ ዕድሜ ይስጥዎ» አለችኝ። ሰጠኝ። ያንን ዕድሜ ነው አራት ዓመት የኖርኩት።

«ለምን እስከ ዛሬ?» ትሉኛላችሁ። ፈራሁ። ከፈተና ክፍል እንደሚባረር ተማሪ ፈራሁ። መጀመሪያ ነገ እናገራለሁ አልኩ፤ ከዚያ ነገሩ ከቀዘቀዘ በኋላ አልኩ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ ለምን ላሙቀው አልኩ። «አሁን ጡረታ ስለወጣህ፣ የሚቀጣህ ስለሌለ ነው የተናገርከው» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን በራሱ እንዲጠራ ትቼው ኖርኩ፤ በራሱ የሚጠራ እውነት የለም፣ አንድ ሰው አፉን መክፈት አለበት።

አቶ ሀይለመለኮት፣ ያን ጊዜ እርስዎ እዚህ አልነበሩም፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሳያፍሩ ይቀበሉኝ። በሦስት ቅጂ ነው፤ አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ ለሰው ሀብት፣ አንዱ ለጤናዬ ማኅደር። የበረራውን መዝገብም አያይዤዋለሁ፤ ስልኬ ላይ አራት ዓመት ሙሉ ነበር። ከመሬት ስትነሳ ባትሪው መቶ ከመቶ ይላል። ቅኔ በሌለበት አማርኛ ልድገመው፦ ባትሪው ሙሉ ነበር። ጤናዬ ሥራዋን በትክክል ሠርታለች። ካሜራዋን የጣልኳት እኔ ነኝ፤ ጤናዬንም የጣልኳት እኔ ነኝ።

ማስጠንቀቂያው እንዲሰረዝ፣ ቦታዋም እንዲመለስላት ለምኛለሁ። በእኔ ላይ የሚደርስ ካለ ይድረስ። ልትሸልሙኝ ያዘጋጃችሁትንም ጋቢ ዛሬ አልለብሰውም፤ ጠረጴዛው ላይ ይቆይ። ይገባዋል ካላችሁ ጉዳዩ ሲያልቅ ቤቴ ድረስ ላኩልኝ፤ አይገባውም ካላችሁም አልቀየማችሁም።

እናንተ አምስታችሁ፣ ካሜራዋ ትወድቅባችኋለች። እኔ ምስክር ነኝ፣ ትወድቃለች። የወደቀች ዕለት እዚያው ማሳው ላይ ቆማችሁ ደውሉና «እኔ ጣልኳት» በሉ። በዚያ ሰዓት ሁለት ቃል ነው፤ ካደረ ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሽበታችሁ እንዲመሰክርላችሁም አትፍቀዱ፤ የሚጠይቃችሁን ልጅ «መዝገቡን እይ» በሉት።

እንግዲህ ልሰናበታችሁ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየእምነታችሁ አሜን በሉኝ። የምትለኩት መሬት ወንድምን ከወንድም አያጣላ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፣ ወላጆቻችሁን በጤና ያቆይላችሁ። ስታጠፉ ከጥፋታችሁ ጋር አያሳድራችሁ፤ አፋችሁን በጊዜ ይፍታላችሁ። በእናንተ ስህተት ሌላ ሰው ሻንጣ አይሸክፍ።

እዚያ ከኋላ የተቀመጠችውን ወይዘሮ ጤናዬን የጠራኋት እኔ ነኝ። ከቁይ ዛሬ ጠዋት የመጣችው ልታመሰግነኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እጇ ላይ ያለውንም ስጦታ አይቼዋለሁ። ጤናዬ፣ ስጦታውን መልሰሽ ያዢው። ይቅር በዪኝም አልልሽ፤ ብትዪኝ ባትዪኝ መብትሽ ነው። ንግግሬን ጨርሻለሁ። አትነሺ የኔ እመቤት፣ እኔ ነኝ ወደ አንቺ የምመጣው።