ከጉልበት ያላለፈ ውሃ

ሄሎ፤ የራስሙሰን ቤት ነው… ማን ልበል? … ብሪንሊ! የልጄ ልጅ! ምነው፣ በደህና ነው? ዛሬ ቅዳሜ ነው እኮ። ሚስዮናዊት ቤቷ የምትደውለው ሰኞ ሰኞ ነው፤ ሕጉን ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

እ? … ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። አታልቅሺ። ጓደኛሽስ፣ እህት ፊናው፣ አብራሽ አለች? … ደግ። ሁለት ሆናችሁ ተልካችኋል፣ ሁለት ሆናችሁ ቁሙ።

— ኦርቫል! የኮኩን ድስት ከእሳት አውርድልኝ፤ ብሪንሊ ናት፣ ከአይዳሆ! … አይ፣ አልታመመችም!

እሺ፣ ቀጥዪ። … ዛሬ የሚጠመቁት ወይዘሮ ኦፓል ናቸው? እነዚያ በስድስት ዓመታቸው የመስኖ ቦይ ውስጥ ገብተው ሊሰጥሙ የነበሩት? … አዎ፣ ጽፈሽልኛል፤ ውሃ ፈርተው ሁለት ጊዜ የተመለሱት። … እና ዛሬ መጡ? እሰይ! ታዲያ ለቅሶው ምንድን ነው?

… መጠመቂያው እንዲሞላ ቧንቧውን ከፍታችሁ፣ እሳቸውን ልታመጡ ሄዳችሁ። እሺ። … ውታፉን ሳትወትፉ? ሦስት ሰዓት ሙሉ ከላይ እየገባ ከታች ሲወጣ? … ዩታ ተወልዳ ያደገች የሞርሞን ልጅ ውታፍ ትረሳለች! … አልሳቅሁም። … እሺ፣ ስቄያለሁ፤ ይቅር በዪኝ።

አሁን ወትፋችሁት እስከ የት ደረሰ? … እስከ ጉልበት። ሰዉስ? … መዝሙር እየዘመረ ይጠብቃል። ስንተኛው መዝሙር ነው? … ዘጠነኛው! ምስኪኖች።

የአጥቢያችሁ መሪ፣ ኤጲስ ቆጶሱ፣ ምን አሉ? … እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ አለዚያ ለሚቀጥለው ሳምንት። ወይዘሮ ኦፓልስ? … «ዛሬ ከተመለስኩ ሁለተኛ አልመጣም» አሉ? … ማስፈራሪያ አይደለም ልጄ። ራሳቸውን የሚያውቁ ሰው ናቸው።

ግድ የለም፤ ሁለቱን ሰዓት ጠብቁ ነው የምለው። ሰው በመጠበቅ… ምን? … የት ቆመው? … ጫፉ ላይ? ጫማቸውን አውልቀው ውሃውን እያዩ? … ባለፈውስ? … ባለፈው ከበሩ አላለፉም።

ብሪንሊ። ቧንቧውን ዝጊ። … ዝጊ አልኩሽ! አንድ ስኒ እንዳትጨምሪበት፤ እስከ ጫፉ ያስጠጋቸው የውሃው ማነስ ነው።

ትሰሚኛለሽ? … እኔ በሃያ አንድ ዓመቴ ዴንማርክ ሳገለግል፣ እግራቸው የማይታዘዝላቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። ከብት የሚጠጣበት ገንዳ ውስጥ አስቀምጠው ነው ያጠመቋቸው። ቁጭ ሲሉ ውሃው ደረት ድረስ ይመጣል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ማስተኛት ነው። ጥምቀት ከክርስቶስ ጋር መቀበር ነው ይላል ሐዋርያው፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለባቸው። የጥልቀቱ ልክ ግን የትም አልተጻፈም። ንዕማንስ ከለምጹ የነጻው ዮርዳኖስ ጥልቅ ስለ ሆነ ነው? ስለ ታዘዘ ነው እንጂ።

— ምን አልክ ኦርቫል? … የግድ ቆመው? የት ተጽፎ? … በል ፈልገህ አምጣ! — አያትሽ ነው። አንዴ ኤጲስ ቆጶስ የነበረ ሰው ጡረታ አይወጣም።

አንቺ ግን በእኔ ቃል እንዳትሄጂ፤ ያንቺን ኤጲስ ቆጶስ ጠይቂያቸው። እጠብቃለሁ።

……

ሄሎ? … ፈቀዱ? ተመስገን! እንግዲህ ነጩ ቀሚስ እንዳይንሳፈፍ ከጉልበታቸው በታች እሰሩት። የሚያጠምቋቸው ማን ናቸው? … ጎረቤታቸው፣ ወንድም ላማር። እሳቸውም አብረው ይንበርከኩ። መሸፈናቸውን የሚያዩት ሁለቱ ምስክሮች ደግሞ የእግር ጣት ይጠብቁ፤ አንዲት ጣት ብቅ ካለች እንደገና ነው። ሂጂ፣ እጃቸውን ያዢ። ስልኩን ለእህት ፊናው ስጫት።

… እህት ፊናው፣ እንደምን አለሽ ልጄ? ዓይን ሁኚኝ። … ወረዱ? … ቁጭ አሉ። … ወንድም ላማር ጸሎቱን ብለው ጨረሱ… ገቡ! … ወጡ! … ምን? ጣት? … አውራ ጣት! አይ እሷ! … አሁን እምቢ ይሉ ይሆናል… ምን አሉ? … «አንዴ ከገባሁ ሁለቴስ ምን አለው»?

— ኦርቫል፣ ሴትዮዋ ቀልድ ጀመሩ!

… እሺ… እሺ… ሁለቱም ምስክሮች አዎ አሉ? ጠጉራቸውም፣ ጣታቸውም? … አሜን።

— ተጠመቁ፣ ኦርቫል። … አዎ፣ ቁጭ ብለው። መጽሐፉን ወደ ቦታው መልሰው።

ብሪንሊ? … አሁንማ አልቅሺ፣ ተፈቅዷል። … ምን ሆኑ ደግሞ? … አልወጣም አሉ? እዚያው ተቀምጠው? … ውሃውን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ እያደረጉ…

ተዪአቸው ልጄ። ስልሳ ስምንት ዓመት የሸሹት ውሃ ነው፤ ትንሽ ይቀመጡበት። … የግብዣው ድንች ይቀዘቅዛል? ይቀዝቅዝ! … አንቺ ፎጣ ዘርግተሽ ጠብቂያቸው። … በይ ዝጊው፤ ፎጣ በአንድ እጅ አይዘረጋም።