ሆዱ የታየ ወንበር

በሰፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሽ ስፖንጅ» ብሎ የሚጠራቸው አዛውንት ሶፋ አልባሽ፣ በዓለም ላይ እንደ ስፖንጅ የሚጠሉት ነገር አልነበረም። ቅጽል ስሙም የወጣላቸው በዚሁ ነው። ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ስፖንጅ ብቻ የጠቀጠቁበት ወንበር ውሎ ሳያድር ይሰምጣል» እያሉ ሲራገሙ የሰማ አንድ ተረበኛ ስሙን ለጠፈባቸው፤ እንደተለጠፈም ቀረ። እሳቸው ወንበር የሚሠሩት ሙያውን ያስተማሯቸው ሽማግሌ እንዳሳዩዋቸው ነው። ከሥር ጠፍር ይወጠራል፣ በጠፍሩ ላይ ሞላ ይታሰራል፣ ከዚያ ቃጫ ይነጠፋል፣ ጥጥ ይደረባል፤ ጨርቅ የሚለብሰው ከሁሉም በኋላ ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ለወንበር ዕድሜ ይሰጣል እንጂ የመንገደኛን ዓይን አይስብም። የአውቶቡሱ ፌርማታ ወደ ላይኛው መንገድ ከተዛወረ ወዲህ ደግሞ በደጃቸው የሚያልፍ እግር ጠፋ። እሳቸውም ሲቸግራቸው ከከተማው ዳር ባለ የሶፋ ፋብሪካ ተቀጥረው ሊሠሩ ቃል ሰጡ፤ የሚጀምሩት የፊታችን ሰኞ ነው። እዚያ የሚጠብቃቸው ሥራ ካርቶንና የስፖንጅ ቁርጥራጭ ላይ ያማረ ጨርቅ መወጠር መሆኑን ያውቃሉ። ለሚስታቸው «ሥራ ሥራ ነው» ይበሉ እንጂ ነገሩን ባሰቡት ቁጥር እህል አፋቸው አልገባ ይላል። ዕድሜ ልካቸውን ሲራገሙት የኖሩትን ነገር በገዛ እጃቸው ሊሠሩት ነውና።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት፣ ያልተቆረጠ ጥቅል ጨርቅ በትከሻቸው ተሸክመው ለጨርቅ ሻጩ ሊመልሱ ሄዱ። ሱቁ ጠባብ ነው። ሰላምታ ሊሰጡ ዞር ሲሉ የጥቅሉ ጫፍ ከኋላቸው የቆመችውን አንዲት ወጣት ትከሻዋን መታት። ይቅርታ ሊጠይቁ ቢያዩዋት በልጅነቷ ሱቃቸው ውስጥ ወንበር ለወንበር እየዘለለች ያስቸገረቻቸው የቀድሞ ጎረቤታቸው ልጅ ናት። ንግድ ተምራ፣ አሁን አነስተኛ ነጋዴዎች በስልካቸው ገበያ እንዲያገኙ የምታሠለጥን ባለሙያ ሆናለች።

«ጋሼ፣ ደህና ሰነበቱ? ጨርቁ ወዴት ነው?» አለቻቸው።

«ወደ መጣበት» አሉ ጋሽ ስፖንጅ።

ልጅቷ ሶፋ አልባሽ ጨርቅ ይዞ ሲወጣ እንጂ ይዞ ሲገባ አይታ አታውቅም ነበርና ደነገጠች። ጨርቅ ሻጩም ሁለቱንም በጥቅል ጨርቅ ላይ አስቀመጣቸው፤ እሱም ሥራውን ትቶ ለጨዋታው ጆሮውን አቆመ። አዛውንቱ የፌርማታውንም የፋብሪካውንም ነገር ነገሯት። ልጅቷ ሁሉንም ሰምታ ሥራዎን በማኅበራዊ ሚዲያ ለምን አያሳዩም ብትላቸው፣ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ሰቀሉ።

እውነታቸውን ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ከዓመት በፊት የሚስታቸው ዘመድ የሆነ አንድ ጎረምሳ ገጽ ከፍቶላቸው ነበር። የወንበሩን ፎቶ ሁሉ ከኢንተርኔት ለቅሞ ለጠፈ፤ ተከታዩንም በገንዘብ ገዛላቸው። ዋጋ የጠየቀውን ሰው «በውስጥ መስመር ያናግሩን» እያለ፣ በውስጥ መስመር የመጣውን ደግሞ ሳይመልስለት ከረመ። ኋላ አንድ ሰው ያው ፎቶ በሌላ አገር ሱቅ ገጽ ላይ እንዳለ አጋለጠና «ሌባ» ብሎ ጻፈባቸው። ጋሽ ስፖንጅ በሙያቸው የሰው ነገር ነክተው አያውቁም፤ ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ታንገበግባቸዋለች።

«ያ ማስተዋወቅ አልነበረም ጋሼ» አለች ልጅቷ። «ያ እርስዎ የሚጠሉት ስፖንጅ ነው። ላዩ ጨርቅ፣ ውስጡ ባዶ።»

አዛውንቱ ነገሩ ነካቸው፤ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «ልጄ፣ ሙያ በልብ ነው» አሉ። «ጥሩ ዕቃ አይለፈፍም። የሚለፍፍ ሰው ዕቃው የማይናገርለት ነው።»

«ልክ ነዎት። ግን ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚሉትም እነዚያው አባቶች ናቸው።»

ጨርቅ ሻጩ ሳቀ። ልጅቷ ግን ጥያቄዋን ቀጠለች። የእርስዎን ወንበርና የፋብሪካውን ወንበር አንድ ዓይነት ጨርቅ አልብሰን ጎን ለጎን ብናቆማቸው፣ ገዢ በምን ይለያቸዋል? ጋሽ ስፖንጅ በኩራት «ዓመት ይቀመጥበትና ይለየዋል» አሉ።

«በዓመቱ ግን የእርስዎ ሱቅ የለም» አለቻቸው።

ጨርቅ ሻጩ ሳቁን ዋጠ። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ለራሱ ሲነግረው ይከርማል፤ ከሌላ አፍ ሲሰማው ግን ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ሐሳቧን በትሕትና አስረዳቻቸው። የሶፋ ገዢ የሚታለለው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ውስጡን የሚያሳየው ሰው ስላጣ ነው። ሐቀኛውና አታላዩ አንድ ጨርቅ ከለበሱ ገበያው ለረከሰው ያደላል። ስለዚህ ጨርቁ የተገፈፈውን ወንበር፣ ጠፍሩንና ሞላውን ከነአስተሳሰሩ በቪዲዮ ማሳየት አለብን ብትል፣ እስካሁን ለስላሳ የነበሩት ሰውዬ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«እሱ አይሆንም» አሉ። «የተገፈፈ ወንበር ለሰው አይታይም። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ከጨርቁ ሥር የማይገኝ ነገር የለም። የጠፋ ጉትቻ አለ፣ የልጅ ሽንት አለ፣ ለሁለት ተቀዶ የተደበቀ ፎቶግራፍ አግኝቼ አውቃለሁ። ወንበር የቤት ገመና ነው። ያስተማሩኝ ሽማግሌ ወንበር ሲገፍፉ በሩን ዘግተው ነበር። እኔም እንደዚያው ነኝ። ሰው አምኖ የሰጠኝን ለዓለም ልዘርግፈው?»

ልጅቷ ባሠለጠነቻቸው ነጋዴዎች መካከል እንዲህ ብሎ የተከራከራት አንድም ሰው የለም። እሷም «ይህን አላሰብኩትም ጋሼ» አለች። «ሕጉ ጥሩ ሕግ ነው፤ አንጥሰውም። ባለቤቱን እንጠይቅ። ካልፈቀደ ካሜራ አይነሳም። ቢፈቅድም የተገኘው ነገር ተጠርጎ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ ስምና ቤት አይጠራም። ይህን ደግሞ ገጹ ላይ በግልጽ እንጽፈዋለን። ገመናዬን ይጠብቅልኛል ብሎ ያመነዎት ሰው ወንበሩን ለሌላ አይሰጥም።»

ለጋሽ ስፖንጅ ይህችን ልጅ ከወንበር ላይ ያወረዷት ትናንት ይመስላቸው ነበር፤ አሁን ነገር ስትመዝን ሲያዩዋት ልባቸው ደስ አለው። ፋብሪካው እስከ ወሩ መጨረሻ ቢታገሣቸው እንደሚሞክሩት ነገሯት። ለፋብሪካው ባለቤት ስልክ ደወሉ፤ ሰውዬው ጨዋ ነበርና ፈቀደላቸው። ጥቅሉንም ጨርቅ ራሱ ሻጩ መልሶ አሸከማቸው።

በሱቃቸው የቀረ አንድ ወንበር ነበር፤ የአንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ባለ እጀታ ወንበር። አዛውንቱ ስልክ አንስተው ዙሪያ ጥምጥም ሲሄዱ መምህርቷ ተማሪን እንደሚያቋርጡ አቋረጧቸውና ፍሬ ነገሩን ጠየቁ። ሲነገራቸው ሳቁ።

«ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ልጆቻችንን በሙሉ ጭኑ ላይ አድርጎ ያስጠናው እዚያ ወንበር ላይ ነው። ምን ገመና አለው? ይልቅስ ያን ሁሉ ሰው ምን እንደተሸከመው እኔም ማየት እፈልጋለሁ» አሉ።

በማግሥቱ ልጅቷ ስትመጣ ጋሽ ስፖንጅ የሰርግ ኮታቸውን ለብሰው፣ ለመታወቂያ ፎቶ እንደተነሣ ሰው ተገትረው ጠበቋት። «የተከበራችሁ ተመልካቾች» ብለው ጀመሩና ቀጣዩ ቃል ጠፋቸው። ደጋግመው ቢሞክሩም ያው ሆነ። እሷም ስልኩን በሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ በሚገባበት በኩል አቆመችና ኮታቸውን አስወለቀቻቸው። ቀጥላም ከተገፈፈው የመምህርቷ ወንበር ላይ ሞላውን አንሥታ ሆን ብላ አጣማ አሰረችው። ሰውዬው ይህን አይተው ዝም ሊሉ ነው? እጇን ገፋ አድርገው፣ ገመዱ በየት ዞሮ በየት እንደሚጠበቅ፣ ከላላ ወንበሩ በየት በኩል እንደሚያዘም እየተቆጡ አስረዷት። ወንበር ሲገዙ እጀታውን ጫን፣ አንዱን ጥግ ብድግ አድርጎ ማየት እንደሚገባም ጨመሩበት። ካሜራ መኖሩን የረሱት ያኔ ነው። ያ ቁጣቸው ነው ቪዲዮ የሆነው።

ሥራቸውን እየሠሩም ምክሯን ሰጠቻቸው። ለዓለሙ ሁሉ ልናገር አይበሉ አለች፤ የእርስዎ ሰው የእናት አባቱን ወንበር መጣል የከበደው ሰው ነው፣ ለእሱ ይናገሩ። በየመድረኩ አይበተኑ፤ በቲክቶክ ይታዩ፣ በቴሌግራም ይነጋገሩ፣ ይበቃል። የጠየቀ ሰው መልሱን በዕለቱ ያግኝ። ዋጋ አይደበቅ፤ ከዚህ እስከዚህ ነው ብለው በአደባባይ ይጻፉት፣ የተደበቀ ዋጋ ገዢን ያሸሻል። ከዚያም ከአዲሱ ፌርማታ ወርደው እስከ ሱቁ በር ድረስ እየተራመዱ መንገዱን ቀረጹት፤ የራቀውን ደጅ በዚህ ማቅረብ ይቻላልና። ሥራ ሲበዛም ቪዲዮው እንዳይቋረጥ አጥብቃ ነገረቻቸው፤ ብዙ ነጋዴ ሲጠግብ ዝም ይልና ሲርበው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

«ሌላው ሙያዬን አይቶ ቢሰርቀኝስ?» አሉ አዛውንቱ።

«እጅዎን ማን ይሰርቀዋል?» አለቻቸው።

መጀመሪያ ላይ ቪዲዮውን ያየው ሰው አንድ ሚኒባስ እንኳ የሚሞላ አልነበረም። ጋሽ ስፖንጅ ያ ጎረምሳ የገዛላቸውን ተከታይ ብዛት አስታውሰው አጉረመረሙ። ልጅቷም እነዚያ ሰዎች እንዳልነበሩ፣ እነዚህ ግን ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ ወንበርም ያላቸው መሆናቸውን አስረዳቻቸው። እውነትም ጥያቄው ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። አዛውንቱ መጻፍ ስለሚሰለቻቸው በድምፅ ይመልሳሉ፤ ድምፁም ስብከት ያህል ይረዝማል። ሚስታቸው «እቤት ውስጥ አንድ ቃል ለማውጣት የሚለመን ሰው፣ ለማያውቀው ሰው ስለ ቃጫ ሲያወራ ይመሻል» ብለው ያሟቸዋል፤ ሲያሟቸው ግን ደስ እያላቸው ነው። ውድ ነው ብሎ የዘለፋቸውም ነበር። ለእሱ የዋጋውን ምክንያት አንድ ጊዜ በጨዋነት ነግረው ተዉት። ጠቡን ይጠብቁ የነበሩ ተመልካቾችም መልሳቸውን አይተው ወንበራቸውን አመጡ። የአባታቸውን ወንበር ማን ይውሰድ ብለው የተኳረፉ ወንድማማቾች እንኳ አብረው ተሸክመውት መጡ፤ ታድሶ በየተራ ሊወስዱት ተስማምተዋል።

ወሩ ሲያልቅ ሱቁ ውስጥ መቆሚያ ጠፋ። ጋሽ ስፖንጅ ጉሮሯቸውን ጠርገው ለፋብሪካው ባለቤት ደወሉ፤ በራሳቸው ሥራ እንደሚቀጥሉ ነግረው ይቅርታ ጠየቁ።

«ጠብቄው ነበር» አለ ሰውዬው። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባለቤቴ ቪዲዮዎን ካየች ወዲህ የቤታችንን ሶፋ እጀታ ስትጫን፣ ጥጉን ስታነሣ ነው የምትውለው። ከራሴ ፋብሪካ የወጣ ሶፋ ነው። ቢያዩልኝ…»

«ይምጣ ጌታዬ። ሲገፈፍ እንዲቀረጽ ይፈቅዳሉ?»

«አደራዎን፣ እሱስ ይቅርብኝ።»

«ይቀራል» አሉ ጋሽ ስፖንጅ።

እንግዲህ አንባቢ የቀረውን መፍረድ ይችላል። በእጁ ጥሩ ሥራ ያለው ሰው ዝም ማለቱ ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን ገዢውን ለአታላይ አሳልፎ መስጠት ነው። ሥራውን ገልጦ ያሳየ፣ ዋጋውን ያልደበቀ፣ ለጠየቀው የመለሰና የደንበኛውን ምስጢር ያከበረ ባለሙያ ደጁ ቢርቅም ሰው ፈልጎ ያገኘዋል። ለአዛውንቱ የተረፋቸውም ከገቢው ይልቅ ይኸው ነበር፤ በገዛ ስማቸው፣ በሚያምኑበት መንገድ እየሠሩ ማርጀት። ይህ ደስታ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

የባለ ፋብሪካው ሶፋ በአንሶላ ተሸፍኖ መጣ። ጋሽ ስፖንጅ በሩን ዘግተው ገፈፉት፤ የተገኘውንም ጠርገው፣ ጠፍር ወጥረው፣ ሞላ አስረው ሠሩት። ሚስታቸውም፣ ጨርቅ ሻጩም፣ ያቺ የተማረች ልጅም በየተራ ውስጡ ምን እንደነበረ ጠየቋቸው። ለሁሉም የሰጡት መልስ አንድ ነበር፤

«አሁን ደህና ወንበር ነው።»