አራተኛው ይቅደም

የማስተር ፕላኑ ረብሻ ጊዜ ነው፤ እኔ እንደ ልማዴ ከአንዱ ልጄ ቤት ወደ ሌላው እየዞርኩ ነው። ከሰበታ የተሳፈርኩበት ታክሲ ዓለም ገና ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ቆመ። ከኋላዬ አንድ ገበሬና ማትሪክ ያለፈች ልጃቸው ያወራሉ።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ምርጫሽን ስትሞዪ አንደኛ የተባለውን አስቀድሚ። ደረጃውን ስልኬ ላይ አየሁት አላልሽም?»

«አይቻለሁ አባባ። እኔ ግን አራተኛውን ላስቀድም ነው።»

«አንደኛው እያለ? የቡራዩ አጎትሽ ይስቅብኛል!»

«ደረጃው መምህራኑ ብዙ ጥናት መጻፋቸውን ነው የሚነግረኝ። ክፍል ገብተው ማስተማራቸውን አይነግረኝም።»

«ታዲያ አንቺ በምን አወቅሽ?»

«አንቱ ላም ሲገዙ ማንን ነው የሚጠይቁት?»

«ሻጩንማ አላምነውም! ጎረቤቱን ነዋ።»

«እኔም ከደረጃው የመጀመሪያዎቹን አራት መረጥኩ፤ ከዚያ እዚያው ሕግ ለሚማሩ ልጆች ደወልኩ። አራተኛው ጋ መምህሩ አይቀርም፣ ተማሪዎቹን ፍርድ ቤት ድረስ ይዞ ይሄዳል አሉኝ።»

«ሩቅ ነው እኮ። በዚህ ረብሻ...»

«መሬታችንን ሊለኩ የመጡ ጊዜ ወረቀቱን የሚያስረዳን አጥተን ሰው ስንለምን አልነበር እንዴ፣ አባባ?»

 ድንጋዩ ተነሥቶ ታክሲው ተንቀሳቀሰ።

«የላሟን ወተት ከጎረቤት ጠይቀሻላ!» አሉ አባት እየሳቁ። «በይ አራተኛውን አንደኛ አድርጊው።»

መውረጃዬ ፉሪ ነበር፤ ወሬያቸውን ሳዳምጥ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩት።