የኤመራልድ ብናኝ

የአባቴን የምርመራ ወረቀት ተቀብዬ ከጤና ጣቢያው ስወጣ አጎቴን አየሁት። ከበሩ ማዶ ግድግዳ ተደግፎ ትንፋሹን ይሰበስባል። አባቴን ከቀበርን ሦስት ወር አልሞላንም። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ተቀምጠው ሠላሳ ዓመት የከበረ ድንጋይ ሞርደዋል።

«ደረጃ ወጥቼ ነው» አለኝ ሳልጠይቀው። በአካባቢው ደረጃ አልነበረም።

ደግፌ ወደ ሥራ ክፍሉ አደረስኩት። ሴት ልጁ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመርቃ ከመጣች ሳምንቷ ነው፤ በአባቴ ባዶ ወንበር እንድትቀመጥ ተወስኗል። እሷ ግን ከመሞረጃው በላይ የውሃ ጣሳ ሰቅላ፣ ጠብ ጠብ የሚያደርግ ቀጭን ቱቦ አውርዳበት አገኘናት።

«ይህን አንሺ» አላት። «እኛ በደረቁ ነው የምንሞርደው። ድንጋይ ይናገራል፤ ስንጥቁ ጋ ስትደርሺ ድምፁ ይለወጣል። ውሃ አፉን ይዘጋዋል።»

«አባባ፣ ድንጋዩንስ ሰሙት። ደረትዎንስ?»

«ምላስሽንም እዚያው ነው የሞረዱልሽ?» አለና ሳሉ እስኪያልፍለት ጠረጴዛውን ያዘ። «ይህ ሲሚንቶ አይደለም፣ ኤመራልድ ነው! ንጉሥ ጣቱ ላይ የሚያደርገው ነገር ሰው ይገድላል?»

ሁላችንም የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። አባቴም ጢሙ ላይ ያረፈውን ብናኝ እያራገፈ «በከበረ ነገር ነው የሸበትኩት» ይል ነበር፤ እኛም አብረን እንስቃለን።

«ጣት ላይ አይገድልም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አረንጓዴው ኤመራልድ፣ ሰማያዊው አኳማሪን፣ ሮዝማው ሞርጋናይት፣ ሁሉም ቤሪል የሚባል የአንድ ማዕድን ልጆች ናቸው። መልካቸው ቢለያይም ብናኛቸው ያው ነው፤ ሳንባ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። አባባ፣ ሙያውን እወደዋለሁ። ውሃ ከሌለ ግን እዚያ ወንበር ላይ አልቀመጥም።»

«እንግዲያው ሂጂ!»

ከእሷ ሌላ ሙያውን የሚያወርሰው አልነበረውም።

አልሄደችም። ነጭ ጨርቅ አርጥባ ከፊቱ ሰቀለችና «በእርስዎ መንገድ የድንጋዩን አንድ ፊት ይሞርዱልኝ» አለችው። ሞረደ። ሲጨርስ ጨርቁ አመድ መስሏል። ከዚያ ሌላ ጨርቅ ሰቅላ ውሃውን ለቀቀችና የድንጋዩን ሌላ ፊት ራሷ ሞረደች። ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

አጎቴ ሁለቱን ጨርቆች ጎን ለጎን ይዞ አስተያያቸው። ኋላ ወደ እኔ ዞረ፦

«አባትህም ይህን ነበር የሚተነፍሰው?»

የምርመራ ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁለት፤ «ሳንባው በድንጋይ ብናኝ ተጎድቷል» ይላል።

«መስኮቱን እንክፈተው ሲለኝ፣ ንፋሱ ዓይኔ ውስጥ ብናኝ ይከትብኛል ብዬ የከለከልኩት እኔ ነበርኩ» አለ። ይህን ሲናገር ያየሁትን ፊት አልረሳውም። ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተ፤ ጣሳውንም ራሱ ሞላው። «እንግዲህ ድምፁን ካጣሁ በጣቴ አዳምጠዋለሁ። ነይ ተቀመጪ፣ ልጄ።»

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረ። የገባው ብናኝ ስላልወጣ ፈጽሞ አልዳነም፤ ነገር ግን በየቃሉ መካከል ትንፋሽ ለመሰብሰብ ማረፍ ቀረለት። ውሃው ስለሚያቀዘቅዛቸው፣ ሲሞረዱ በሙቀት ይሰነጠቁ የነበሩ ድንጋዮችም በጣም ቀነሱ። ልጁ በየዓመቱ ትመረመራለች፤ ደረቷ ንጹሕ ነው። ጎረቤት ሞራጆችም አይተው ጣሳ ሰቅለዋል።

በደረቅ የምትሞርዱ ሆይ፣ ውሃ አንጠባጥቡ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ መስኮት ክፈቱ። ለአባቴ የዘገየው ለእናንተ አልዘገየም።