ከጓሮ የመጣ መልስ

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በመጋቢት መጀመሪያ፣ ግራዝማች ዘሩ ከፍኖተ ሰላም ወደ ማንኩሳ በበቅሎ ሲያዘግሙ፣ ከመንገዱ ዳር ካለችው ዋርካ ሥር ጫማውን አውልቆ ጠጠር የሚያራግፍ ሰው አዩ። ጠጋ ሲሉ የጤና ጣቢያው አካሚ፣ ድሬሰሩ ገብረ ሕይወት ሆኖ ተገኘ። የመድኃኒት ሣጥኑን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ነጭ ጋዋኑን አጣጥፎ በክንዱ ይዟል።

ግራዝማች ቢሆንላቸው አይተው እንዳላዩ ባለፉ ነበር። በጥቅምት ወር ሚስታቸውን ወይዘሮ ሀብትነሽን መርምሮ፣ «የጡት ነቀርሳ ነው፤ ከእንግዲህ አይድንም» ያላቸው ይኸው ሰው ነው። ግን ሰው ሰላምታ ሲያቀርብ በበቅሎ ላይ ተቀምጦ መመለስ ነውር ነውና ወረዱ።

«እንደምን ዋሉ ግራዝማች? እትዬ ሀብትነሽ እንዴት ናቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ተኝታለች።»

ይህችን መልስ ከጥቅምት ወዲህ ለስንት ሰው እንደሰጧት እሳቸውም አያውቁም። ጠያቂ ሁሉ «ይማርልዎት» ይልና ጠላውን ጠጥቶ ይሄድ ነበር። ድሬሰሩ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«የት ነው የተኙት?» አለ።

ግራዝማች ደነገጡ። እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረማ!

«ከጓሮ። ጎጆ አሠርቼላታለሁ። አዲስ ሣር ነው የለበሰችው፤ ደኅና ጎጆ ናት።»

«ከማን ጋር?»

«ከማን ጋር ይሆናል! ሠራተኛችን ንግሥቴ ምግቧን ጠዋትና ማታ ከደጃፉ ታደርስላታለች። ዋንጫዋም ለብቻዋ ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ በሽማግሌው ላይ አትቸኩል። ክፉ ሰው አልነበሩም። ከሀብትነሽ ጋር ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖረዋል፤ የወለዷቸውን ሁለት ልጆች አብረው ቀብረዋል። ቁስሉ ፈንድቶ መሽተት ሲጀምር፣ ያቺ ንጹሕ ሴት በሰው ፊት እንዳትዋረድ ብለው ደበቋት። የአገሩም ልማድ ይኸው ነው፤ አይድንም የተባለ በሽተኛ ወደ ጓሮ ይገባል፤ ጠያቂውም እልፍኝ ተቀምጦ የቤቱን ጌታ ይጠይቃል። እሳቸውም ቢሆኑ የጎጆዋን ደፍ ከረገጡ ሁለት ወር አልፏቸዋል። ቤታቸው ከጠያቂ ጎድሎ አያውቅም፤ ግን ሰው በሞላበት እልፍኝ እንደሳቸው ብቻውን የተቀመጠ አልነበረም።

በቅሎዋን እየሳቡ ጎን ለጎን ሄዱ።

«አንተ ልጅ፣ የተማርክ ነህና እስቲ ንገረኝ» አሉ ግራዝማች። «ለሽታው የሚሆን መድኃኒት የለህም?»

«ለሽታውስ መላ አለው። ለብቸኝነቱ ግን ከእርስዎ በቀር መድኃኒት የለውም።»

«እኔ ምን አጠፋሁ? ክብሯን ነው የጠበቅሁላት! ሰው መጥቶ አፍንጫውን ቢይዝባት ደስ ይልሃል?»

«ክብራቸውን የጠበቁ መስሎዎት ነው፤ አውቃለሁ። ግን ግራዝማች፣ ይቆጡኝ እንደሆነ ይቆጡኝ፤ የጠበቁት የእልፍኝዎን ክብር ነው።»

ግራዝማች ቀጥ ብለው ቆሙ። በሌላ ቀን ቢሆን በያዙት ከዘራ ባሳዩት ነበር።

«እኔን ከእናቴ ማኅፀን የተቀበሉኝ እትዬ ሀብትነሽ ናቸው» ብሎ ቀጠለ ድሬሰሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የማንኩሳን ግማሽ ሰው ያዋለዱ እሳቸው ናቸው። እናቴ ያን ቀን ጥሩ ጥሩ የሸተተች ይመስልዎታል? እሳቸው አፍንጫቸውን ያዙ? ከደጃፍ ቆመው ምጧን ጠየቁ?»

ሽማግሌው በቅሎዋን ስበው መንገዱን ቀጠሉ።

«በሽታው ቢጋባስ?»

«አይጋባም። በእጄ ስነካው አላዩም?»

«እሺ አይጋባ። ሞቷ እንደሆነ አይቀርም። ለሚሞት ሰው ይህ ሁሉ ድካም ምን ይረባል?»

«እስኪሞቱ ድረስ ግን በሕይወት ናቸው። ለመሆኑ የት መተኛት እንደሚፈልጉ ራሳቸውን ጠይቀዋቸዋል?»

«በሽተኛ ምን ተብሎ ይጠየቃል?» አሉ ግራዝማች። መልሱ ግን ለራሳቸውም አልጣማቸውም።

ከቤታቸው ሲደርሱ ድሬሰሩ በፊት ለፊቱ በር አልገባም፤ በአጥሩ ዞሮ ወደ ጓሮ አመራ። ግራዝማችም ሳይወዱ ተከተሉት። እልፍኙ በጠያቂ ተሞልቷል። የወንድማቸው የተስፋውና የጎረቤታቸው የእህተ ማርያም ድምፅ እስከ ጓሮ ይሰማል።

«ሀብትነሽ ዛሬ እንደምን ዋለች?» አለች እህተ ማርያም።

«ተኝታለች» አለ ተስፋው።

ያን ጊዜ ከጎጆዋ ውስጥ ሌላ ድምፅ ተሰማ። ቀጭን ነው፤ እስከ እልፍኝ አይደርስም።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እህቴ። ያ ወገብሽስ ተሻለሽ?»

መልስ የለም። በእልፍኝ ውስጥ ወሬው ወደ ዝናቡ ዞሯል። ከጎጆው ያለው ድምፅ ጥቂት ጠበቀና፣ «ተመስገን፤ እንኳን ተሻለሽ» አለ።

ግራዝማች ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀ። ለካ ሀብትነሽ ጠያቂዋን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር፣ ለብቻዋ ስታስተናግድ ኖራለች! «ወይኔ ዘሩ!» አሉና ጎንበስ ብለው ገቡ።

«መጡ እንዴ ግራዝማች?» አለች። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ከደጃፉ ይሁኑ፤ ሽታው እንዳያስቸግርዎ።»

ከመደቡ ላይ፣ ከአጠገቧ ተቀመጡ። እንባቸው ጢማቸውን አራሰው። 

«ሀብቴ፣ የት መተኛት ትፈልጊያለሽ?»

እሷም ነጠላውን ከፊቷ ገለጠች። ከዚያ፣ «ከእልፍኝ፣ ከምሰሶው ሥር» አለች። «በሩ ከሚታየኝ። ግን ፊቴን ታጥቤ፣ ያን ጥልፍ ቀሚሴን ለብሼ። እንዲህ ሆኜ አያስገቡኝ። ቁስሌንም ከንግሥቴ በቀር ማንም አይየው።»

«እንደ ቃልሽ ይሁን» አሉ ግራዝማች።

ድሬሰሩ ንግሥቴን አስጠርቶ ሥራውን አሳያት። ጨው የተጨመረበት ውኃ ፈልቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ቁስሉ በቀስታ ይታጠባል፤ ንጹሕ ጨርቅ ይደረግበታል፤ የደቀቀ ከሰል በሌላ ጨርቅ ተሰፍቶ ከላዩ ይታሰራል፤ ሽታውን ይስባልና። ጨርቁ በየቀኑ ይቀየራል፤ ተቀቅሎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የሕመም ማስታገሻው ኪኒን በሰዓቱ ይሰጣል እንጂ ሕመሙ እስኪያስጮኻት አይጠበቅም። «ከመንካትሽ በፊት ደግሞ ንገሪያቸው» አላት። «ስታጥቢያቸውም የማይታጠበውን ገላቸውን ሸፍኚላቸው።»

በማግሥቱ ወይዘሮ ሀብትነሽ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ ከምሰሶው ሥር ተኛች። ጠያቂዎቹ መጀመሪያ ተሸማቀቁ። ተስፋውማ «እንዴት ይህ ይሆናል!» ብሎ ከበሩ ተመልሶ ነበር። እህተ ማርያም ግን ከአልጋዋ ጫፍ ተቀምጣ ስለ ወገቧ ነገረቻት፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ልጁን፣ የልጅ ልጁን ይዞ የማይመጣ አልነበረም። ሀብትነሽም ያዋለደቻቸውን በስማቸው እየጠራች መረቀቻቸው። ከአንዲት ጎረቤቷ ጋር የነበራትን የቆየ ቅያሜ በገዛ አፏ ይቅር አለች፤ ቀሚሷ ለንግሥቴ እንዲሆን ተናዘዘች። ፋሲካን ከሰው ጋር ፈሰከች። ለዳግማይ ትንሣኤ እጇ በግራዝማች እጅ ውስጥ እንዳለ አረፈች።

በሽታው አልዳነም፤ ድሬሰሩም ይድናል አላለም። ነገር ግን በሽተኛዋ እስከ መጨረሻዋ ቀን የቤቷ እመቤት ነበረች። ባልዋም ሐዘን እንጂ ጸጸት አልተረፋቸውም። በዚያ ደብር ሌሎቹም ይህን አይተው የጓሮ ጎጆዎቻቸውን አንድ በአንድ የበግ ማደሪያ አደረጓቸው።

ግራዝማች ዘሩ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ብቻቸውን ኖሩ። ከማንኩሳ እስከ ቡሬ መንገድ ድረስ ታመመ የተባለ ሰው ሁሉ ቤት ይሄዱ ነበር። የቤቱ ጌታ ከበር ተቀብሎ፣ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ጠላ ቀድቶ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ተኝቷል» ይላቸዋል። ግራዝማችም ጠላውን ሳይቀምሱ ከዘራቸውን ያነሣሉ።

«የት?» ይላሉ።