በሁለት አገር መካከል የተሰረቀ አፕ

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 7 ቢስ ከሚባለው ሰፈር በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ አንድ ወጣትና አንዲት ሴት በአማርኛ ያወራሉ።

«ለከባድ መኪና ሹፌሮች የሠራሁት የስልክ አፕ ተሰረቀብኝ፣ እህቴ። የጋላፊን ድንበር መንገድ፣ ጎሚስታውን፣ ማደሪያውን ሁሉ ያሳያል።»

«ማን ሰረቀህ?»

«ካርቲየ 1 ያለ ስልክ ቤት። ኮፒ እያደረገ ይሸጠዋል።»

«አትከሰውም? የምሠራላት ማዳም እኮ ጠበቃ ናት።»

«አዲስ አበባ ስጠይቅ ‹የተሰረቀው ጅቡቲ ነው፣ እዚያው ክሰስ› አሉኝ። እዚህ ስጠይቅ ደግሞ ‹ያስመዘገብከው አገርህ ነው፣ እዚያ ሂድ› አሉኝ።»

«ጉድ እኮ ነው! ታዲያ ሱቁ ሄደህ አልተጣላህም?»

«ልጣላ ነበር የሄድኩት። አፑን ከፍቼ ሳየው ሶማሊኛና አፋርኛ ጨምረውበታል። ኔትወርክ ሲጠፋ ቀጥ ይል የነበረውን፣ እኔ ዓመት ሙሉ ያቃተኝን፣ እነሱ አስተካክለውታል።»

«ከዚያስ?»

«ገዛሁት።»

«የራስህን?»

«ምን ላድርግ? ከኔው ይሻላል።»

«ባለቤቱ እኔ ነኝ አላልከውም?»

«ከአፌ ሳይወጣ ባለሱቁ ቀደመኝ። ‹ለሌላ ሰው ኮፒ እንዳታደርግ፣ ሐራም ነው› ብሎ አስማለኝ።»

«ማልክለት?»

«ማልኩ።»

እኔም ከዚያው ሱቅ ያንኑ አፕ ያስጫንኩበትን ስልኬን ከጭኔ ላይ አንስቼ ቀስ ብዬ ኪሴ ከተትኩት።