ስለ ገልባጩ መኪና የሰጠሁት የመጀመሪያ ቃል ይታረምልኝ

ተጨማሪ የምስክርነት ቃል

የምስክር ስም፦ ሮብሌ ዋርሳሜ ጌዲ
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ የከባድ መኪና መካኒክ
አድራሻ፦ ጅግጅጋ ከተማ፣ ቀበሌ 06
ቃሉ የተሰጠበት፦ ህዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት
ጉዳዩ፦ ህዳር 6 ቀን 2015 ዓ.ም. አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና በመውደቁ የደረሰ የማሀድ ዓለሌ ሞት

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመዘገበው እኔ ምስክር፣ ህዳር 7 ቀን እዚሁ ጣቢያ ቀርቤ መኪናው ሲገዛ ጤነኛ እንደነበር፣ ከስሩ ገብቼም እንደፈተሽኩት ተናግሬ ፈርሜያለሁ። ያ ቃል ውሸት ነው። ዛሬ የመጣሁት ማንም አስገድዶኝ ሳይሆን እሱን ለማረም በራሴ እግር ነው።

በዚህ ጉዳይ ተጠርጥሮ የታሰረው ሹፌር ቡልሃን ሺሬ የሃያ ዓመት ጓደኛዬ ነው። እሱ የሰው መኪና ሲነዳ፣ እኔ የሰው መኪና ስጠግን ኖረናል። ያለንን አዋጥተን ያገለገለ ገልባጭ ገዝተን ከፋፈን ደረቅ ወንዝ ወደ ከተማ አሸዋ ለማመላለስ የተስማማነው ባለፈው ክረምት ነው። መኪናውን መምረጥ ለእኔ ተሰጠ። ሙያው የእኔ ስለሆነ ይህ ተገቢ ነበር።

በመስከረም ወር ሁለት መኪናዎች አብረን አየን። የአንዱ ሞተር ያጨሳል፣ የሌላው ዲፈረንሻል ይጮኻል፤ ሁለቱንም ተውናቸው። ቡልሃን ባዶ ካሶኒ፣ ማለትም ጭነት የሚያዘው ሳጥን፣ ተነስቶ ሲያይ የሚረካ ሰው አይደለም። ካልተጫነ፣ ተጭኖም ካልተገለበጠ ብሎ ድርቅ ይላል። አንዱ ደላላ ተናዶ፣ «ወንድሜ፣ ሚስት ስታገባም እንዲህ ጭነህ ሞክረህ ነው?» ቢለው፣ «እሷማ እኔን ነው ጭና የሞከረችው» ብሎ አሳቀን። እኔም በሁለቱም መኪናዎች ስር በጀርባዬ ተኝቼ ሁሉን የሚሸከመውን የብረት አካል፣ ሻንሲውን፣ ከፊት እስከ ኋላ በመዶሻ እያንኳኳሁ ፈትሻለሁ። ይህን የምናገረው እንዴት እንደሚፈተሽ የማላውቅ ሰው እንዳልሆንኩ እንዲታወቅ ነው።

በጥቅምት መጀመሪያ የባለቤቴ የሲራድ አጎት ሐጂ ዋይስ፣ ቀብሪበያህ ከሚገኘው ቤታቸው፣ የሚሸጥ ገልባጭ እንዳላቸው መልእክት ላኩብን። ሲራድን አሳድገው የዳሯት እሳቸው ስለሆኑ ለእኔ አማቴ ናቸው። ጥቅምት 11 ቀን፣ ዓርብ፣ ልሄድ ስነሳ ቱታዬን በፌስታል ይዤ ነበር። ሲራድ ፌስታሉን ከእጄ ተቀበለችኝና፣ «የምትሄደው መካኒክ ሆነህ ነው ወይስ አማች ሆነህ? አጎቴ ደጅ ቱታ ለብሰህ ከቆምክ ሌባ ናቸው ብለሃል ማለት ነው» አለችኝ። አዲሱን ሽርጥ አወጣችልኝ። ቡልሃንም አብሬህ ልምጣ ሲል፣ ሹፌር ይዞ አማት ቤት መግባት ነውር ነው ብዬ አስቀረሁት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሲራድ አላለችም።

ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ደረስኩ። ፍየል ታርዶ፣ ሩዝ ተሠርቶ፣ የግመል ወተት ቀርቦ ጠበቀኝ። በአማት ፊት እንደሚገባው ጥቂት ቀምሼ እጄን ሰበሰብኩ። መኪናው ከበሩ ፊት ለፊት ቆሟል፤ ባለ አስር ጎማ፣ ታጥቦ የሚያብለጨልጭ። ሐጂ፣ «ልጄ፣ የኔ ንብረት ያንተም ነው። ዙረህ እየው» አሉኝ። የሲራድ እናትና አክስቶቿ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሞተሩን አስነሳሁ፤ ድምፁ ጥሩ ነው። ባዶውን ካሶኒ አነሳሁት፤ ወጣ፣ ወረደ። የቀረኝ ከስሩ መግባት ነበር። ሽርጥ የለበሰ ሰው በጀርባው ተኝቶ እየተንፏቀቀ መኪና ስር ሲገባ ሽርጡ የት እንደሚደርስ ጠያቂው መርማሪም ያውቀዋል። በአማቶቼ ሴቶች ፊት ይህን ማድረግ አልቻልኩም። ቱታ አበድሩኝ ማለት ይቻል ነበር፤ እሱንም አፈርኩ።

ይሁንና ምንም ሳላይ አልተመለስኩም። የጫማዬን ማሰሪያ የማስተካክል መስዬ በኋላ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። ካሶኒው የሚታጠፍበት ፒን የተያዘበት ቦታ ላይ፣ በግራ በኩል፣ አንድ ክንድ የሚሆን የሻንሲው ክፍል አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ግራና ቀኙ አሮጌ ዝገት ነው። በጣቴ ስዳስሰው ከቀለሙ ስር የብየዳው እብጠት ተሰማኝ። ሻንሲ እዚያ ቦታ ላይ ተሰንጥቆ እላዩ ላይ ከተበየደ፣ ጭኖ ሲገለበጥ አንድ ቀን እንደሚከዳ ለማወቅ መካኒክ መሆን እንኳ አያስፈልግም። ሐጂ ከኋላዬ፣ «ምን ጠፋብህ ልጄ?» አሉኝ። «ጫማዬ ነው፣ ሐጂ» አልኳቸው። ተነሳሁና መኪናው ጤነኛ ነው አልኩ። ሽያጩን ለማጽናት ፋቲሃ ተቀራ፣ እጅ ተጨባበጥን።

አመሻሽ ላይ ቡልሃን ደወለ። «ከስሩ ገባህ?» አለኝ። ገባሁ አልኩት። «ተኝተህ?» አለኝ። ተኝቼ አልኩት። ሳቀ። «በአማቶችህ ፊት? አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ሲራድን መልሰው ካልወሰዱብህ መቼም አይወስዱብህም!» አለ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። በጭነት እንሞክረው ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ለሌላ ሰው መኪና እንዲያ ድርቅ የሚለው ሰው፣ የእኔን ቃል ሲሰማ ተወው።

መኪናው ከተገዛ በኋላ ባሉት ሃያ አምስት ቀናት ውስጥ ያን ሻንሲ ከፍቼ በወፍራም ላሜራ ማስደገፍ እችል ነበር። የሁለት ቀን ሥራ ነው። በየቀኑ ነገ እላለሁ። ያላደረግኩት ሥራው ስለበዛ ብቻ አይደለም። በያጁ ያወራል፣ ወሬው ቀብሪበያህ ይደርሳል፣ ሐጂ «አማችዎ የተሰበረ ሸጡልኝ ይላል» ይባላሉ ብዬ ነው። በተጨማሪም ቡልሃን፣ «ተኝቼ አየሁት ያልከው ታዲያ ምኑን ነው?» ቢለኝ ውሸቴ ይወጣ ነበር።

ህዳር 6 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ በቀበሌ 09 በሚሠራ መኖሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ቡልሃንና ጫኝና አውራጆቹ አሸዋ ለማራገፍ ሲገቡ፣ እኔም ከመኪናው ይንጠባጠብ የነበረውን ዘይት ለማየት አብሬ ነበርኩ። ቡልሃን ወርዶ መሬቱን በእግሩ እየረገጠ አየ፤ ከጎማዎቹ ስር ድንጋይ አስደረገ፤ ሰዎቹን በእጁ ምልክት አራቀ። ሹፌር ማድረግ ያለበትን ሁሉ አድርጎ ነው ተመልሶ ገብቶ ካሶኒውን ያነሳው። ማሀድ ዓለሌ ጫኝና አውራጅ ሲሆን፣ ካሶኒው ግማሽ ከደረሰ በኋላ እርጥቡ አሸዋ ስለተጣበቀ በአካፋ ሊያስለቅቀው በግራ በኩል ተጠጋ። ሁሉም ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ። በዚህ ጊዜ ከስር አንድ የመሰንጠቅ ድምፅ ሰማሁ። ከየት እንደመጣ በዚያ ግቢ ውስጥ ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ማሀድን ልጠራው አፌን ከመክፈቴ ካሶኒው ወደ ግራ ተጠመዘዘ፣ መኪናውንም ይዞት ወደቀ። ቡልሃን በመስኮት ወጥቶ በባዶ እጁ አሸዋውን ይዝቅ ጀመር። ስናወጣው ማሀድ ሕይወቱ አልፏል። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት።

በዚያው ምሽት የሲራድ ወንድሞች ቤቴ መጥተው፣ ነገሩ የሹፌር ስህተት ሆኖ ቢያልፍ ሽማግሌዎች በጎሳ ካሳ እንደሚጨርሱት፣ የሐጂ ስም ከተነሳ ግን ቤተዘመድ እንደሚፈርስ ነገሩኝ። አላስፈራሩኝም። እንዲሁ ጠየቁኝ። በማግስቱ መጥቼ ከላይ የጠቀስኩትን የውሸት ቃል ሰጠሁ።

ህዳር 9 ቀን ለቡልሃን ምግብ ይዤ እዚህ መጣሁ። አልበላም። «ሮብሌ፣ መሬቱ ሜዳ መስሎኝ ነበር እኮ። በእግሬ ረግጬዋለሁ። ዘንበል ያለ ነበር ለካ። ዓይኔ ነው የከዳኝ» አለኝ። ሃያ ዓመት ሲነዳ ውሻ እንኳ ገጭቶ አያውቅም። ከዚህ ቢወጣም መሪ እንደማይነካ፣ የማሀድ ልጅ ሲወለድ ምን ብሎ ፊቱን እንደሚያየው እንደማያውቅ ነገረኝ። እኔም «አይዞህ» አልኩት። ይህችን ቃል ነው የሰጠሁት። ህዳር 10 ቀን ልነግረው ቆርጬ ተመልሼ መጣሁ፤ ምግቡን ለጠባቂው ሰጥቼ ሳላየው ሄድኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ትናንት ሁሉንም ለሲራድ ነገርኳት። «ቱታህን የቀማሁህ እኔ ነኝ። ዓይንህን ግን አልቀማሁህም» አለችኝ። ወንድሞቿ የሚሉትን እሷ እንደምትችለው፣ እኔ ወደዚህ እንድመጣ ነገረችኝ።

መርማሪው፣ ሐጂ ዋይስ ስብራቱን ያውቁ ነበር ወይ ብሎ ጠይቆኛል። እሳቸውም መኪናውን ከሌላ ሰው የገዙት በመሆኑ ያውቁ እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠየቅኋቸውም። የማውቀው፣ እኔ አውቅ እንደነበር ነው። በዚህ ቃሌ ምክንያት እኔ ራሴ ተጠያቂ ልሆን እንደምችል መርማሪው አስረድቶኝ፣ ላቋርጥ እንደምፈልግም ጠይቆኝ፣ ይጻፍ ብያለሁ። የወደቀው መኪና አሁንም በጣቢያው ግቢ ስለሚገኝ፣ የግራው የሻንሲ ስብራት በባለሙያ ታይቶ አሮጌው ዝገትና አዲሱ ስንጥቅ እንዲለይ እጠይቃለሁ።

አንድ ሌላ ነገር እለምናለሁ። ቡልሃን እስከዚህች ሰዓት ድረስ «ሰው የገደልኩት እኔ ነኝ» ብሎ ያምናል። እኔም እያየሁ እንዲያምን ትቼዋለሁ። ፊቱ ቆሜ መናገር ስላቃተኝ፣ ይህ ቃል ወደ ዐቃቤ ሕግ ከመሄዱ በፊት ዛሬውኑ እንዲነበብለት ይፈቀድልኝ።

ከላይ የሰፈረው ቃል በሙሉ አእምሮዬና በፈቃዴ የሰጠሁት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነብቦልኝ የሰማሁት ነው። ያልሆነ ነገር አልጨመርኩም፤ ዛሬ ያስቀረሁትም የለም።

የምስክሩ ፊርማ፦ ሮብሌ ዋርሳሜ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ረዳት ኢንስፔክተር ኤልሚ ሮራይ

የመርማሪው ማስታወሻ፦ በምስክሩ ጥያቄና በጣቢያው ኃላፊ ፈቃድ፣ ይህ ቃል በዚሁ ዕለት ከቀኑ 6፡10 ሰዓት ላይ ለተጠርጣሪ ቡልሃን ሺሬ ተነብቦለታል። ተጠርጣሪው በድጋሚ እንዲነበብለት ጠይቆ ተነብቦለታል። ምስክሩ ደጅ ቆሞ እየጠበቀው መሆኑ ሲነገረው «ወደ ቤቱ ይሂድ» ብሏል።